ያልተፈጸመ መንገድ

ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ፣ አባቶቻችን «አቡነ ያዕቆብ» የሚሏቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1839 ከኢጣልያ ወደ አገራችን መጡ። በ1860 ክረምት፣ ትኩሳት ይዟቸው ሳለ፣ ከምጽዋ ጠረፍ ተነሥተው በቀይ ባሕር ዳርቻ ሐሩር ወደ ደጋው ወደ ሐላይ አቀኑ። ጁላይ 31 ቀን በአሊጋዴ ሸለቆ ደቀ መዛሙርታቸውን መክረውና ባርከው፣ ድንጋይ ተንተርሰው ዐረፉ። ሐላይ አልደረሱም። ያስተማሯቸው ግን አስከሬናቸውን በሄቦ ቀበሩ፤ እምነታቸውንም ለልጆቻቸው አወረሱ።

እኛም በንፋስ ስልክ ላፍቶ ከቤት ቤት እየዞርን ስናስተምር፣ የጀመርናቸውን ልጆች ሁሉ ለቅዱስ ቁርባን ላናበቃ እንችላለን፤ ቤተሰብ ሰፈር ይለቃል፤ መምህርም ይታመማል። ጌታችን ስለ ዘሪና ስለ አጫጅ ያስተማረውን (ዮሐ. 4፥36-38) እናስተውል።

ለውይይት፦ ሳንጨርስ የተውነውን ትምህርት ለማን አደራ ሰጠን?