መጀመሪያ ጓንቱን ስጡት

ሮበርት ሬድፎርድ እ.ኤ.አ. በ1998 ባዘጋጀው «ዘ ሆርስ ዊስፐረር» ፊልም ላይ አንዲት ልጅ በአደጋ እግሯን ታጣለች፤ ፈረሷም ሰው አላስጠጋ ይላል። እናት ልጅና ፈረስ ይዛ ሞንታና ድረስ ትጓዛለች። ይህ ልብ ወለድ ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ፊልሙን ሲያማክር የነበረው የፈረስ ገሪ፣ ባክ ብራናማን ነው።

ባክና ወንድሙ በልጅነታቸው በገመድ ትርኢት የታወቁ፣ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሁሉ የሠሩ ነበሩ። መድረክ ላይ ጭብጨባ፣ ቤት ሲገቡ የአባት ዱላ። አንድ አሠልጣኝ የባክን ጀርባ ሰንበር አየና ነገሩ ወጣ፤ ልጆቹ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጡ። ባክ ያኔ ወንድ ሲጠጋው የሚሸማቀቅ ልጅ ነበር።

አሳዳጊ አባቱ ታዲያ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ አላፋጠጠውም። የቆዳ ጓንት ሰጠውና አጥር ሊሠሩ ይዞት ሄደ። በቃ!

ያ ልጅ አድጎ ፈረስን ያለ ጅራፍ መግራት የሚያስተምር ሰው ሆነ። «ባክ» የተባለው ስለ እሱ የተሠራ ዘጋቢ ፊልምም እ.ኤ.አ. በ2011 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት አገኘ።

ፈረስ ሲታደን የኖረ እንስሳ ነው፤ ቁጣችሁን ገና ከአረማመዳችሁ ያውቀዋል። ስትገሩት የታሰረበትን ገመድ ቀስ ብላችሁ ትይዛላችሁ፤ እሱ እምቢ ይላል። ሳትጎትቱ፣ ሳትለቁም ትጠብቃላችሁ። ክብደቱን ወደ እናንተ ጥቂት ዘንበል ባደረገባት ቅጽበት ገመዱን ታላላላችሁ። ፈረሱ የሚማረው ሲላላለት ነው። ከዘገያችሁ ትምህርቱ አመለጠ።

ጎረምሳ ያላችሁ ወላጆች፣ ይህቺን ቅጽበት ያዟት! ከርሞ ከርሞ አንድ ቀን ሳይታዘዝ ሰሃን ያጠበን ልጅ «ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» ማለት የኛ ቤት ልማድ ነው። (እናቶች፣ ይቅርታ፤ አባቶችም አትስቁ።) አሽሙሯ ገመዱን መልሳ ታጠብቀዋለች። «ተባረክ» ብላችሁ እለፉ፤ ይበቃዋል።

ሞንታናም ፈረስም አያስፈልጋችሁም። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ የሌለበት ቤት የት አለ? ቅዳሜ ጠዋት «ና እስቲ፣ መፍቻውን ያዝልኝ» በሉት። ስለ ውጤቱ፣ ስለ ጓደኞቹ አታንሱ። ስለ ቧንቧው ብቻ አውሩ፤ ሌላውን እሱ ሲፈልግ ያመጣዋል።