ለጭቃውም ለአስፋልቱም የሚሆን ጎማ

በረባሶ የተጫማ ሰው የጎማን ጠባይ ያውቃል። በረባሶ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራ ጫማ ነው። አዲስ ሳለ ዳገት ላይ ይይዛል። ታቹ ሲላጭ ግን በክረምት ጭቃ ያንሸራትታል። ጎማ መኪና ላይ ሳለም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ ሰው ቢወድቅ ልብሱ ይጨቀያል፤ መኪና ቢንሸራተት ግን የተሳፈረው ቤተሰብ ሁሉ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ወንድማማቾች ገንዘብ አዋጥተው አንድ አሮጌ ላንድ ክሩዘር ገዙ እንበል። መኪናው ቤተሰቡን ገበያ ያደርሳል። ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይወስዳል። አንዳንዴም በደጀን በኩል አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል። አሁን ጎማው አልቋል። የትኛውን ይግዙ?

መጀመሪያ መንገዱን ማሰብ ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አስፋልት ነው። ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ገጠር ሲገቡ ግን ጠጠር አለ፣ ቀይ አፈር አለ፤ በቢቸና በኩል ደግሞ ዋልካ አለ። ዋልካን ለገበሬ መንገር አያስፈልግም። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት እግር ላይ እየተደራረበ ጫማን እንደ ድንጋይ ያከብዳል። ጎማንም እንደዚሁ ያደርገዋል። በጥርሶቹ መካከል ይሞላና ደህናውን ጎማ የተላጨ ያስመስለዋል።

ለእንዲህ ያለ መኪና የሚሸጠው ጎማ ሦስት ዓይነት ነው። ኤች ቲ የሚባለው የአስፋልት ጎማ ነው፤ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ጭቃ አይወድም። ኤም ቲ የጭቃ ጎማ ነው። ጥርሶቹ ትልልቅ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ጎማው ሲሽከረከር ጭቃውን ይወረውራል። ታዲያ ይሄ ጎማ አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ነዳጅም ይበላል። ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ቶሎ አይቆምም። ሦስተኛው ኤ ቲ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለ ነው።

ብዙ ሰው ትልልቅ ጥርስ ያለውን ይመርጣል፤ ለመኪናው ግርማ ይሰጠዋል። ነገር ግን ከደጀን እስከ አባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እዚያ ላይ የሚያስፈልገው ግርማ ሳይሆን ፍሬን ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ወንድማማቾች ኤ ቲ ይሻላቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ከዋልካ የማይወጣ መኪና ከሆነ ግን ኤም ቲ ይግዛ። ደግሞም ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ዋልካ ላይ የትኛውም ጎማ ዋስትና አይሆንም። መውለጃዋ በክረምት የሚደርስ ሴት፣ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ካለው፣ ቀኗ ሳይደርስ ሄዳ ብትቆይ ይሻላል።

ዓይነቱ ከታወቀ በኋላ ማንበብ ይመጣል። በጎማው ጎን ላይ ያለው ፊደል የፈረንጅ ነው፤ ቁጥሩ ግን እናንተ የተማራችሁት ቁጥር ነው። እንደ 265/70አር16 ያለው የጎማው መጠን ነው። ከአሮጌው ጎማ ላይ በወረቀት ገልብጣችሁ ወደ ሱቅ ሂዱ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ቁጥር ነው። ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደሎች ቀጥሎ ረጅም ጽሑፍ አለ። መጨረሻው ላይ 4 ቁጥሮች ይገኛሉ። በአንዱ ጎን ካጣችሁ በሌላው ጎን ፈልጉ። 1020 ይላል እንበል። 10 ሳምንቱ ነው፤ 20 ዓመቱ ነው። ጎማው የተሠራው በፈረንጅ 2020 በ10ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ፣ የሳምንቱ ቁጥር ከ37 በታች ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንሱ፤ ከ37 በላይ ከሆነ 7 ቀንሱ። እንግዲህ ይህ ጎማ የ2012 ዓ.ም. ጎማ ነው፤ ወሩም የካቲት ነው። 4521 የሚለውንስ? 2021 ሲቀነስ 7፣ 2014 ዓ.ም. ይሆናል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ የሚሸጥ አሮጌ ጎማ አለ። ውስጡ ደርቋል፤ በበረሃው ሙቀት ጭነት ሲበዛበት ይፈነዳል። 5 ዓመት ያለፈው ጎማ በየጊዜው በባለሙያ ይታይ፤ 10 ዓመት የሞላው ቢያምርም አይገዛ። ነጋዴው «አዲስ ነው» ቢል ቁጥሩን አሳየኝ በሉት።

የጥርሱን ጥልቀት በክብሪት እንጨት ለኩ። ጥርሶቹ መካከል ስትከቱት ራሱ ብቻ ከተሸፈነ ጎማው ለክረምት አይሆንም።

አራቱም ጎማ አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን ይሁን። ገንዘቡ ለሁለት ብቻ ከበቃ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ፤ የኋላው ሲንሸራተት መኪናው ይዞራልና። ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። አባይ በረሃ ወርዳችሁ ጎማው ቢግል ንፋሱ ጨምሮ ታገኙታላችሁ፤ አታስተንፍሱት፤ ሲበርድ ወደ ልኩ ይመለሳል።

የስኮርቱም ቁጥር ይነበብ። አሮጌ መኪና ሲገዛ ብዙ ጊዜ አዲስ መስሎ የሚታየው እሱ ነው፤ በዕድሜ ግን ከአራቱም ሊበልጥ ይችላል።