የእርግዝና ስኳር ሕመምና የዕለት ማዕድ፦ የአመጋገብ ምክርን በእንጀራ መለኪያ ስለ መተርጎም

አኅጽሮተ ጥናት

በእርግዝና ወቅት ለሚከሠት የስኳር ሕመም ቀዳሚው ሕክምና የአመጋገብ ማስተካከያ ነው። ምክሩ በአብዛኛው በግራም ይሰጣል፤ ማዕዱ ግን በእንጀራ፣ በጭልፋና በጉርሻ ይለካል። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መለኪያዎች መካከል ያለውን ክፍተት መርምሮ፣ እንጀራን ሳያስቀር በመጠን፣ በሥርጭትና በድርሻ ላይ የተመሠረተ የዕለት ዕቅድ ያቀርባል።

1. መነሻ

እርግዝና እየገፋ ሲሄድ ከእንግዴ ልጅ የሚመነጩ ሆርሞኖች የእናቲቱ አካል ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ያዳክማሉ። ቆሽቷ ይህን የሚያካክስ ተጨማሪ ኢንሱሊን ማመንጨት ሲሳነው በደሟ ውስጥ ያለው ግሉኮስ ከፍ ይላል። ግሉኮስ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ይሻገራል፤ የእናቲቱ ኢንሱሊን ግን አይሻገርም። ስለዚህ ፅንሱ የራሱን ኢንሱሊን አብዝቶ ያመነጫል፣ ከመጠን በላይም ይወፍራል፤ ከተወለደ በኋላ ደግሞ ከእናቱ ይመጣ የነበረው ግሉኮስ ሲቋረጥ የደሙ ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል። ዴንማርካዊው ሐኪም ዮርገን ፔደርሰን በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ያቀረቡት ይህ ማብራሪያ ዛሬም የዘርፉ መሠረት ነው።

በ9 አገሮች በሚገኙ 15 ማዕከላት ተካሂዶ በ2008 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው «ሃፖ» የተባለው ጥናት፣ አደጋው በአንድ ወሰን ላይ የሚጀምር ሳይሆን ከግሉኮሱ መጠን ጋር ደረጃ በደረጃ የሚጨምር መሆኑን አሳይቷል። በአውስትራሊያ ተካሂዶ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ የአመጋገብ ምክር፣ የደም ስኳር ክትትልና ሲያስፈልግም ኢንሱሊን በተሰጣቸው እናቶች ዘንድ በጨቅላዎች ላይ የሚደርስ ከባድ ጉዳት ከ4 ከመቶ ወደ 1 ከመቶ መውረዱን አረጋግጧል። እንግዲህ በማዕዱ ላይ የሚደረግ ለውጥ ከልጁ ደኅንነት ጋር በቀጥታ የተሳሰረ ነው።

2. ማዕዱና መለኪያው

ለነፍሰ ጡር ሴት በቀን ቢያንስ 175 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 71 ግራም ፕሮቲንና 28 ግራም አሰር እንደሚያስፈልግ በሰፊው ተቀባይነት ያገኘ መመሪያ ነው። ዓላማው ካርቦሃይድሬትን ማጥፋት ሳይሆን በአንድ ጊዜ እንዳይከማች መከፋፈል ነው። «እንጀራ ተዪ» የሚል ምክር ይህን ዓላማ ይስታል፤ ሊፈጸምም አይችልም።

በተቃራኒው «ጤፍ ለስኳር ምንም አይልም» የሚለው እምነትም መታረም አለበት። ጤፍ ደቃቅ በመሆኑ ከነገለባው ይፈጫል፤ ስለዚህም አሰርና ማዕድናት ይዟል። ነገር ግን የእንጀራ ስታርች በምጣድ ላይ ሙሉ በሙሉ ስለሚበስል በቀላሉ ይፈጫል፤ ወደ ደምም በፍጥነት ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የጤፍ ጥቅም የመጠንን ጥያቄ አይሽርም።

አንድ እንጀራ 300 ግራም ይመዝናል፣ ከዚህም ሲሦ ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው ብለን ብንነሣ፣ አንዱ እንጀራ ብቻውን 100 ግራም ገደማ ይሰጣል። ይህ ከቀኑ ዝቅተኛ ፍላጎት ከግማሽ በላይ ነው። በጋራ ማዕድ ላይ ግን የአንዱ ሰው ድርሻ የት እንደሚያበቃ አይታይም፤ ወጥ የጠጣው የታችኛው እንጀራ ይበላል፣ ጉርሻም ይጨመራል። «ሁለት ነፍስ ነሽና ብዪ» የሚለው የእናትና የአማት ፍቅር ደግሞ እምቢ ለማለት ያስቸግራል። ምክሩ ለነፍሰ ጡሯ ብቻ ከተነገረ፣ በየምሳው ከቤተሰቧ ጋር እንድትሟገት ይተዋታል።

3. የቀረበው ዕቅድ

175 ግራሙን በሦስት ዋና ምግቦችና በሦስት መክሰሶች እንደሚከተለው መከፋፈል ይቻላል።

ቁርስ (30 ግራም)፦ ሁለት ስስ ቁራጭ ዳቦ ከእንቁላል ጋር። በማለዳ የኢንሱሊን ምላሽ ይበልጥ ደካማ ስለሆነ ቁርስ ከምሳና ከእራት ያነሰ ይሁን። በስኳር ወይም በማር የጣፈጠ አጥሚት ለነፍሰ ጡር የተለመደ ቢሆንም፣ ፈሳሽ በመሆኑ የደም ስኳርን በፍጥነት ያወጣል።

የረፋድ መክሰስ (15 ግራም)፦ ጥቂት የሽምብራ ቆሎ።

ምሳ (45 ግራም)፦ አንድ ሦስተኛ እንጀራ፣ አንድ ጭልፋ ወፍራም ምስር ወጥ፣ በርከት ያለ ጎመን። ድንች፣ ሩዝ ወይም ፓስታ ከእንጀራው ጋር ከተደረበ እንጀራው በዚያው ልክ ይቀነስ።

የከሰዓት መክሰስ (20 ግራም)፦ አንድ ብርቱካንና ጥቂት ለውዝ። ፍሬው በጭማቂ አይተካ።

እራት (45 ግራም)፦ እንደ ምሳው፤ ሥጋ ወይም ዓይብ ሊታከል ይችላል።

ከመኝታ በፊት (20 ግራም)፦ አንድ ብርጭቆ ወተትና ግማሽ ቁራጭ ዳቦ።

ከምግቡ ባልተናነሰ ሻዩ መቆጠር አለበት። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ስለሆነ፣ በቀን ሦስት ጊዜ በሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሻይ 36 ግራም ይጨምራል።

ድርሻን ለመለየት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ለነፍሰ ጡሯ በሳህን ለብቻ ማቅረብ ነው፤ ይህ ግን ከማዕድ የመገለል ስሜት ሊፈጥር ይችላል። ሁለተኛው የእርሷን እንጀራ አስቀድሞ ቆርሶና ጠቅልሎ ከፊቷ በማኖር በጋራ ማዕዱ ላይ ከወጡ ብቻ እንድትካፈል ማድረግ ነው። ጉርሻውም አይቀር፤ ከእርሷ ጥቅልል ይቆረስ። ይህ ልማዱን ሳያፈርስ መጠኑን ይጠብቃል። ሆኖም እንጀራ የሚያቀርበው የቤተሰብ አባል በምክር አገልግሎቱ ላይ መገኘትን ይጠይቃል።

4. ጾም

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነፍሰ ጡሮች ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው ከጾም ሊያርፉ ይችላሉ፤ በእስልምናም ነፍሰ ጡር ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች ጾሙን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ተፈቅዶላታል። የሚጾሙ ግን ብዙዎች ናቸው። ሁለት ጉዳዮች ተለይተው መታየት አለባቸው። የመጀመሪያው የምግቡ ዓይነት ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ አተርና ባቄላ ያለው የጾም ማዕድ፣ ወጡ ከወፈረና እንጀራው ከተመጠነ፣ ከዕቅዱ ጋር ይስማማል። ሁለተኛው የሰዓቱ ርዝመት ነው። በእርግዝና ወቅት ምግብ ሲዘገይ ኬቶን በደም ውስጥ ፈጥኖ ይከማቻል፤ በማፍጠሪያው የሚበላው ብዙ ምግብም ስኳሩን በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ ኢንሱሊን የምትወስድ ከሆነም የደሟ ስኳር ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው «አትጹሚ» ከማለት ይልቅ የምግቡን ዓይነት ጠብቃ ሰዓቱን እንድትተው ቢመክርና ይህንንም ከሃይማኖት አባቷ ጋር እንድትነጋገርበት ቢያበረታታ፣ ምክሩ የመፈጸም ዕድሉ ይሰፋል።

5. መደምደሚያ

የዕቅዱ መመዘኛ የእናቲቱ የደም ስኳር ነው፤ በተለመደው ግብ መሠረት ከምግብ በፊት ከ95፣ ከምግብ በኋላ በአንድ ሰዓት ከ140፣ በሁለት ሰዓት ከ120 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች መሆን አለበት። ድርሻዋን ጠብቃ ግቡ ካልተገኘ፣ ኢንሱሊን መጀመር የእናቲቱ ጥፋት ተደርጎ መቆጠር የለበትም፤ የሆርሞኖቹ ጫና ከምግብ ማስተካከያ በላይ መሆኑን የሚያመለክት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተሰጡት የግራም መጠኖች መነሻ ናቸው፤ የእንጀራ ስፋትና ውፍረት ከቤት ቤት ይለያያልና። በዘርፉ ለሚመራመሩ ተማሪዎች የመጀመሪያው ሥራ በክትትል ላይ ያሉ እናቶች በቤታቸው የሚበሉትን እንጀራ መመዘን፣ ቀጥሎም አንድ ሦስተኛና ግማሽ እንጀራ ከአንድ ዓይነት ወጥ ጋር ሲበላ የሚያስከትለውን የደም ስኳር ለውጥ ማነጻጸር ነው። ያኔ ምክሩ እናቲቱ ከምጣድ ባወጣችው እንጀራ ልክ ሊነገራት ይችላል።