«ፎርማት» ከማለታችን በፊት



ለእረፍት ሳንጃ ሳለን የታናናሾቻችን የጥናት ማስታወሻ ያለበት ኡቡንቱ ኮምፒውተር ማንንም አላስገባ አለ። «ፎርማት ይደረግ» ተባለ። ጥፋቱ የእኛው ነበር፤ የተጠቃሚዎችን መዝገብ፣ «ፓስደብልዩዲ» የተባለውን ፋይል፣ በእጅ ስናርም መስመሮች ደምስሰናል።

በዚህ ፋይል እያንዳንዱ መስመር የአንድ ተጠቃሚ ነው፤ በኮለን የተለዩ 7 ክፍሎች አሉት። ማስታወሻው ግን «ሆም» ውስጥ ስለሆነ አልተነካም።

ሊኑክስ በጫንበት ፍላሽ አስነሣነው፤ የውስጡን ዲስክ ከፈትን፤ «ኢቲሲ» ውስጥ በስሙ መጨረሻ ሰረዝ ያለበትን የቀድሞ ቅጂ በተበላሸው ቦታ ገለበጥን። ቅጂው የመጨረሻው ለውጥ ላይኖርበት ስለሚችል፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በ«ፒደብልዩሲኬ» ፈተሽነው።

ወደፊት በ«ቪፒደብልዩ» እናርም፤ ፋይሉን ይቆልፋል፣ ቅጂም ያስቀራል። የሰው ፋይል አማና ነው።