ፈረስና ረጅም መንገድ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። ፈረስ የሚያደርሰው ግን ጉልበቱ ሲጠበቅ ነው። ከፀዳ ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ጎንደር ለሚወጣ ገበሬ ፈረሱ እግሩ ነው። ፈረሱ መንገድ ላይ ከወደቀ ገበያው ይቀራል። በሽተኛ ጭኖ እንደሆነም ሐኪም ቤት ሳይደርስ ይቀራል።

ክረምቱን ሣር እየጋጠ ቆሞ የከረመ ፈረስ ይወፍራል። ነገር ግን ወፍራም ሁሉ ብርቱ አይደለም። ስለዚህ መስከረም ሲጠባ ቀስ በቀስ ማለማመድ ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በእርምጃ ብቻ ይሂድ። ቀጥሎ ጥቂት ሶምሶማ ይጨመርለት። መንገዱ በረዘመበት ቀን ፍጥነት አይጨመርም። በየሳምንቱ የዕረፍት ቀን ይኑረው። የፈረስ ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይበረታሉ። ጅማቱና አጥንቱ ግን ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሹ ስላላጠረ ብቻ ቸኩሎ የሚያስጋልብ ሰው የፈረሱን እግር ይጎዳል።

ፈረስ ደከመኝ አይልም። ልቡ ግን ይናገራል። በታችኛው መንጋጋው አጥንት በውስጥ በኩል የሚያልፈውን የደም ሥር በጣት ጫን ብሎ ምቱን መቁጠር ይቻላል። ሰዓት ይዞ ለሩብ ደቂቃ ይቆጠርና በ4 ይባዛል። ያረፈ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 40 ጊዜ ያህል ይመታል።

በሌሎች አገሮች ፈረሶች በአንድ ቀን እስከ 160 ኪሎ ሜትር የሚጓዙበት ውድድር አለ። እዚያ በየማረፊያው ሐኪም የልባቸውን ምት ይቆጥራል። ጥቂት አርፎ ምቱ ከ64 በላይ የሆነ ፈረስ እንዲቀጥል አይፈቀድለትም። ይኼ መለኪያ ለእኛም ይጠቅማል። ሩብ ሰዓት ያህል ካረፈ በኋላ በሩብ ደቂቃ ከ16 በላይ ከመታ ኮርቻውን አውርዶ ጥላ ሥር ማቆየት ነው።

ላብ ውሃና ጨው ይጨርሳል። አንዳንድ ሰዎች ያላበው ፈረስ ውሃ አይጠጣም ይላሉ። ይኼ ልክ አይደለም። በየወንዙ ይጠጣ፤ ከጠጣ በኋላ በእርምጃ ይቀጥል። ቤት ሲገባ ጨው ይላስ። የአንገቱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ ውሃ አንሶታል ማለት ነው።

ፍርሃትም ጉልበት ይጨርሳል። መኪና ያልለመደ ፈረስ አስፋልት ዳር ሲደርስ ሳይሮጥ ልቡ ይመታል። ዱላ ፍርሃቱን ያብሰዋል እንጂ አያስተወውም። መኪና ከለመደ ፈረስ ኋላ እያስከተሉ ማለማመድ ይሻላል።

የሚንቀጠቀጥ፣ መኖ እምቢ ያለ ወይም ሽንቱ የጠቆረ ፈረስ አንድ እርምጃም አይነዳ። የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

ጥያቄ
1. አንድ ፈረስ ካረፈ በኋላ ልቡ በሩብ ደቂቃ 18 ጊዜ መታ። በደቂቃ ስንት ይሆናል? ፈረሱ መንገዱን ይቀጥል ወይስ ይቆይ?
2. ከልብና ከጅማት ቶሎ የሚበረታው የትኛው ነው?