የነጋዴ አባትህን ሕይወት ስትጽፍ

ልጄ፣ የአባትህን የሕይወት ታሪክ ለሙት ዓመቱ አስፍተህ ልትጽፍ መነሣትህን ሰማሁ፤ ደግ አስበሃል። በቀብሩ ዕለት የተነበበው አንድ ገጽ ለሁላችንም የሚነበበው ነው። «ተወልደው አደጉ፣ ሰው ወዳድና እንግዳ ተቀባይ ነበሩ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይልና ያበቃል። ስሙ ቢቀየር ለማንም ይሆናል። በስማዳ፣ በጋይንትና በእስቴ የአርበኛውና የሊቁ ስም ይወሳል፤ ለአገሩ ጨው፣ ሸማና ዘይት ያቀረበው ነጋዴ ግን ከልጆቹ ትዝታ አልፎ አይሄድም። አንተ የጀመርኸው ይህን የሚያቀና ሥራ ነውና ምክሬን ስማኝ።

1. ከመንገዱ ጀምር። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወልድያ የሚገባውን መንገድ ቻይናዎች በ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምረው በ1970ዎቹ አጋማሽ ጨረሱት። አባትህ ንግድ ሲጀምር መንገዱ አልነበረም። ከስማዳዋ ከተማ ከወገዳ የሚወጣው እህል፣ ቅቤና ቆዳ በበቅሎና በአህያ ነበር የሚጫነው። ሲራራ ከሚነግዱት ሰዎች ሥራ ለምዶ በጭነት መኪና ዘመን የጎለመሰ ሰው ነው፤ ሁለቱንም ዘመን ያየ ትውልድ ዛሬ ጥቂት ቀርቷል። የመጀመሪያ ጭነቱ ምን ነበር? መነሻውን ብር ማን አበደረው? በየት ወንዝ ወርዶ በየት ዳገት ወጣ? ማታስ ከማን ቤት አደረ? በእኛ አገር ንግድ ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም፤ ከጣና በስተምሥራቅ ያሉት ይፋግና ደሪጣ በ19ኛው መቶ ዘመን ስማቸው የተጠራ የንግድ ቦታዎች ነበሩ። አባትህን በዚህ የነጋዴዎች ሐረግ ውስጥ አስቀምጠው።

2. የደርግን ዘመን አትዝለለው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ተወረሰ። በዓመቱ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመና ነጋዴው ከሚገዛው እህል ድርሻውን በተቆረጠ ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ። በየኬላው ጭነት ይፈተሻል፤ ነጋዴ ማለት አሻጥረኛ ነው የተባለበት ጊዜ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ እስኪታወጅ ድረስ እንዲህ ቆየ። አባትህ እነዚያን ዓመታት እንዴት እንዳለፋቸው ካልጻፍህ፣ ኋላ የከፈተው ሱቅ በዕድል የመጣ ይመስላል። የንግድ ፈቃዱንና የግብር ደረሰኞቹን ከሣጥን አውጣ፤ ዓመተ ምሕረትን ከሰው ትዝታ ይልቅ ከወረቀት ውሰድ።

3. ስለ 1977ቱ ድርቅ ጠይቅ። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ብዙ ልጆችም ፈርተው ያልፉታል። በዚያ ዓመት እህል በእጁ የነበረ ነጋዴ ሁሉ ተፈትኗል። አባትህ ጎተራው ውስጥ ምን ነበረው? በስንት ሸጠ? ለማን በዱቤ ሰጠ፣ ማንንስ መለሰ? መልሱን ከዘመድ ብቻ አትፈልግ። ከእሱ ከገዙት፣ በተለይም ከድሆቹ ቤት ግባ። አባትህን የሚያስመሰግን ነገር ብታገኝ የእነሱ ምስክርነት ከአንተ ውዳሴ ይበልጣል። የሚያስወቅስ ብታገኝም ጻፈው። ሰው ሙሉ ሆኖ የሚታወሰው እንዲህ ነው፤ አንባቢም የቀረውን የሚያምንህ ያን ጊዜ ነው። በችግር ቀን የተደረገ ደግነትም ሆነ ጭካኔ በአገራችን እንደማይረሳ ራስህ ታየዋለህ።

4. የዱቤ ደብተሩን በጥንቃቄ ያዝ። ገበሬው አዝመራ እስኪሰበሰብ ድረስ ጨው፣ ላምባና የልጅ ልብስ በዱቤ ይወስድ እንደነበር ከዚያ ይነበባል፤ የወረዳው ኑሮ ያለው እዚያ ነው። የባለዕዳውን ስም ግን እንዳታወጣ። ያልከፈለም ቢኖር ልጆቹ ዛሬ ጎረቤቶችህ ናቸው።

5. እናትህን ከአባትህ ሥራ አትለያት። እሱ ጎንደር ወይም ደሴ ሲወርድ ሱቁን የከፈተችው፣ ሚዛኑን የያዘችው፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሸኘችው እሷ ናት። «የትዳር አጋራቸው» ብሎ በአንድ ሐረግ ማለፍ ግፍ ነው። የራሷ ንግድ ከነበራት ጠላ ጠምቃም ይሁን ቅቤ አንጥራ፣ ገቢዋ ከመነሻው ብር ውስጥ እንደነበረ አጣራ። አባትነቱንም ከልጆቹ ቁጥር አትለካው። የትኛዋን ሴት ልጁን ለማስተማር ምን እንደሸጠ እህቶችህ ይንገሩህ።

6. «ደግ ነበር»፣ «ለጋስ ነበር» የምትለውን ሁሉ ሰርዝና በምትኩ ያደረገውን ጻፍ። በእድሩ ምን ሠራ? ዕቁቡን ሲጽፍ ተጣልተው የመጡትን እንዴት አስታረቀ? አንዱን በደንብ መተረክ ለአሥር ምስጋና ይበቃል።

ሲያልቅ አባዝተህ ለወገዳ ትምህርት ቤትና ለደብሩ ስጥ፤ በቤት ሣጥን ውስጥ ከቀረ አይጥ ይበላዋል። ከአባትህ ጋር ጭነት የነዱት ሽማግሌዎች እያለቁ ነው። ከወረቀቱ በፊት ወደ እነሱ ሂድ፤ ሙት ዓመቱ እስኪደርስ አትጠብቅ፣ በዚህ ሳምንት ጀምር።