የሂተሩን ፋን አትናቀው

ልጄ፣ መኪናህን እንደምትወድ አውቃለሁ። ታጥባታለህ፣ ዘይቷን ቀን ጠብቀህ ትቀይራለህ፣ ጎማዋንም ታያለህ። የሂተሯ ፋን መቆሙን ስነግርህ ግን «ሞያሌ ላይ ሂተር ምን ይሠራልኛል?» ብለህ አለፍከው። እዚህ ቆላ ያለ ሾፌር ሁሉ እንዲህ ይላል። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልህ፤ አንተም ረጋ ብለህ አንብበው።

1. ፋኑ ለብርድ ብቻ የተሠራ አይምሰልህ። ሙቁንም ቀዝቃዛውንም ንፋስ የሚገፋው ያው አንድ ፋን ነው፤ እሱ ከሞተ ኤሲም ቢኖርህ አይረባህም። መንገድህንም አስብ። ሞያሌ 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐገረ ማርያም ስትደርስ ከ1,700 ሜትር በላይ ወጥተሃል። ከዚያ ወደ ይርጋጨፌና ዲላ ስታልፍ ዝናብና ጉም ይቀበልሃል። መኪናው ሰው ሞልቶ መስኮቱ ሲዘጋ የፊት መስታወቱ ወዲያው ጉም ይለብሳል። በአንድ እጅህ መስታወት እየወለወልክ በሌላው ኩርባ አትዞርም። ከፊት የሚመጣውን አይሱዙ ሳያይ ያለፈ ሾፌር ያለፈው በዕድሉ ነው፤ ዕድል ደግሞ ሁልጊዜ አብሮህ አይሳፈርም።

2. ሞተር ሲሞቅብህ ሂተሩን ክፈት። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል፣ ግን እውነት ነው። የሞተሩ ትኩስ ውሃ በሂተሩ ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል፤ ፋኑ ሲነፋበት ሙቀቱን ይወስድለታል። ስለዚህ በቀትር ጭነህ ዳገት ስትወጣ የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፋ፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻ ክፈት፣ ፋኑን ከፍተኛው ላይ አድርግ፣ መስኮቱን አውርድ። ያልብሃል፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ከማቃጠል ግን ላብ ይሻላል። መለኪያው ካልወረደ ቆመህ ሞተሩን አጥፋ፤ ራዲያተሩ ሳይበርድ ክዳኑን እንዳትነካ። «ለቆላ ሂተር አያስፈልግም» ብሎ ቱቦውን ቆርጦ ሊያገናኝልህ የሚፈልግ መካኒክ ቢገጥምህ አመስግነህ እምቢ በለው።

3. ከመፍታትህ በፊት ምልክቱን አንብብ። ፋኑ በከፍተኛው ፍጥነት ብቻ እየሠራ በዝቅተኛው ዝም የሚል ከሆነ የፋኑ ሞተር ደህና ነው፤ የተቃጠለው ፍጥነቱን የሚቀንሰው ሪዚስተር ነው። በቡጢ መታ ስታደርገው የሚነሳ ከሆነ ካርቦኑ አልቋል። የሚንኳኳ ከሆነ ቅጠል ወይም ጠጠር ገብቶበታል፤ ሲፏጭ የሚውል ከሆነ ቡሹ ደርቋል። ጣፋጭ ሽታ ከሸተተህ፣ መስታወቱ ላይ ቅባት ከተለጠፈ፣ ምንጣፉም ከረጠበ ግን ጥፋቱ የፋኑ አይደለም፤ የሂተሩ ራዲያተር እያፈሰሰ ነው። ይህን ሳይለይ ዕቃ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ይጨርሳል፣ ችግሩ ይቀራል።

4. ፈጽሞ ዝም ካለ ከፊውዙ ጀምር። የተቃጠለ ካገኘህ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ያለውን ብቻ ተካ። የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ወይም ወፍራም ሽቦ አታስገባ። ፊውዙ የተቀመጠው እሱ ተቃጥሎ ሽቦውን እንዲያድን ነው፤ እሱን ካጠነከርከው የሚቃጠለው ሽቦው፣ ከዚያም መኪናው ነው። አዲሱ ፊውዝም ወዲያው ከሄደ ሌላ አትጨምር፤ አንድ ቦታ ሽቦ ተልጦ ነክቷል፣ ወይም ሞተሩ ከብዶታል።

5. ፊውዙ ደህና ከሆነ መብራት ይዘህ ግባ። ፋኑ በብዙ መኪና ከፊት ከሚቀመጠው ተሳፋሪ ጉልበት በላይ፣ ወረቀት ከምታስቀምጥበት ሳጥን ጀርባ ነው። ሶኬቱን ነቅለህ በደንብ እየው፤ ፕላስቲኩ ከጠቆረ ወይም ከቀለጠ ግንኙነቱ ላልቶ ሲሞቅ ከርሟል። ስዊቹን አብርተህ የሙከራ አምፖል በሶኬቱ ላይ አድርግ። ከበራ ጥፋቱ ሞተሩ ላይ ነው፤ ካልበራ ሽቦውን፣ ስዊቹንና ማሳውን (ከቦዲው ጋር የሚያያዘውን ኔጋቲቭ) ፈልግ። በአሮጌ መኪና ዝገት የያዘ ማሳ ብዙ ጊዜ ያለ ኃጢአቱ ሞተር ያስቀይራል።

6. ስትፈታ አትቸኩል። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል። ከዚያ ሽቦዎቹ እንዴት እንደተሰኩ በስልክህ ፎቶ አንሳ፤ ብሎኖቹን በቆርቆሮ ሰብስብ። ፎቶው ከንቱ አይደለም፤ ሁለቱ ሽቦዎች ከተለዋወጡ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ንፋስ ይወጣል፣ ግን ደካማ ነው፤ አንተም «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ብለህ ሻጩን ታማለህ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ነው።

7. የተቃጠለውን ብቻ አትቀይር፤ ምን እንዳቃጠለው ጠይቅ። ሪዚስተሩ በንፋሱ መንገድ ላይ የተቀመጠው ፋኑ ራሱ እንዲያቀዘቅዘው ነው። የእኛ ቀይ አቧራ መተላለፊያውን ከደፈነው፣ ወይም የደረቀ ሞተር ብዙ ከረንት ከሳበ፣ አዲሱም እንደ አሮጌው ይቃጠላል። ስለዚህ ፋኑን በእጅህ አዙረው፤ ያለ ችግር መሽከርከር አለበት። በጭንቅ የሚዞር ከሆነ ሞተሩም ይቀየር። የፋኑን ክንፎች በብሩሽ አጽዳ፤ አቧራው በአንድ ወገን ሲከብድ ያንቀጠቅጠዋል፣ ቡሹንም ይበላዋል። በፋኑ ንፋስ መንገድ ላይ ፊልተር ያላት መኪና ከሆነች አውጥተህ አራግፈው፤ ከተደፈነ ቀይረው።

8. ዕቃ ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። ከድንበሩ ወዲያ ኬንያ ሞያሌ ሱቅ ገብተህ የመኪናህን ስም ብቻ ብትጠራ ላይገጥምህ ይችላል። እነሱ በግራ ስለሚነዱ መሪያቸው በቀኝ ነው፤ ስለዚህ የፋኑ ቤት በተቃራኒው ወገን ነው፣ አገጣጠሙም ሊለይ ይችላል። የሶኬቱን ቅርጽ፣ የብሎኖቹን ቀዳዳና የፋኑን ስፋት ጎን ለጎን አድርገህ አመሳክር። ቮልቱንም አንብብ፤ የቤት መኪና 12 ነው፣ ብዙዎቹ የጭነት መኪኖች ግን 24 ናቸው። የ12ቱን በ24 ላይ ብትሰካው ታቃጥለዋለህ።

9. ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነውና ዝናቡን አትጠብቅ። የቦረና ዋናው ዝናብ ጋና በመጋቢት ይገባል፤ ሐጋያ ደግሞ በመስከረም ይከተላል። ፋን የሚጠገነው በደረቁ ወቅት በቦና፣ ጊዜም ብርሃንም ሳለ ነው። ዲላ ዳገት ላይ፣ በማታ፣ መስታወት ታፍኖ የሚጠግንልህ አታገኝም። መኪናዋ አርጅታ ሊሆን ይችላል፤ ያረጀ ዕቃ ግን የሚያስብለት ሰው ካገኘ ገና ብዙ ያገለግላል። እንግዲህ ጋና ሳይገባ ጠግነህ አምጣትና በእያንዳንዱ ፍጥነት አንድ በአንድ እያዞርክ አሰማኝ። ከዚያ መርቄ እሸኝሃለሁ።